አዲስ ራም ከአሮጌው ጋር ሲጣመር፦ የኪንግስተን ቫሊዩራም ባለ 8 ጊጋ በዴል ኦፕቲፕሌክስ 7050 ላይ

በምሠራበት የሂሳብ አገልግሎት ቢሮ ያሉት ዴስክቶፖች በውጭ አገር አገልግለው የገቡ ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7050 ናቸው። ፕሮሰሰራቸው ኮር አይ5-7500 ሲሆን፣ ሲገዙ እያንዳንዳቸው 8 ጊጋ ራም እንዳላቸው ተነግሮናል፤ እውነትም ነበር። ክዳናቸው ሲከፈት ግን አንዱ ከሌላው አይመሳሰልም። አንዳንዶቹ አንድ ፍሬ ባለ 8 ጊጋ ኤስኬ ሃይኒክስ፣ ሌሎቹ ሁለት ፍሬ ባለ 4 ጊጋ ሳምሰንግ፣ የቀሩት ደግሞ የማይክሮን ራም ይዘዋል። ይህ ግምገማ አሮጌው ራም ሳይነሣ በእነዚህ ማሽኖች ላይ ስለተጨመረው ስለ ኪንግስተን ቫሊዩራም ባለ 8 ጊጋ ራም ነው፤ የራሙ ትውልድ ዲዲአር4፣ ፍጥነቱ 2666 ነው። ፍርዴን አስቀድሜ ለመናገር ያህል፣ ራሙ ለዚህ ሥራ በጣም ተስማሚ ነው፤ የተለያየ አምራች ራም ማጣመርም ብዙዎች እንደሚፈሩት አደገኛ አይደለም። ሆኖም የሚገዛው ሰው የሳጥኑን ስም ትቶ በራሙ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ ማንበብ፣ ቀጥሎም የትኛው ራም በየትኛው መሰኪያ እንደሚገባ ማወቅ ይኖርበታል።

ማሻሻያው ያስፈለገበት ምክንያት ቀላል ነው። ሂሳብ የምንሠራበት ፒችትሪ ራሱ ብዙ ሜሞሪ የሚበላ ፕሮግራም አይደለም። ነገር ግን የሂሳብ ባለሙያው ፒችትሪን ከፍቶ፣ በጎኑ ሁለትና ሦስት ትልልቅ የኤክሴል ሰነዶችን ዘርግቶ፣ በክሮም ላይ የግብር ማሳወቂያውን ገጽ፣ የባንኩን ገጽና ኢሜይሉን አንድ ላይ ሲይዝ 8 ጊጋው ይሞላል። ከዚያ በኋላ ዊንዶውስ ከራም የተረፈውን ወደ ዲስክ እያወረደ ይሠራል፤ ከአንዱ መስኮት ወደ ሌላው በተሻገሩ ቁጥር መጠበቅ ይመጣል። በታስክ ማኔጀር ውስጥ የሜሞሪው መስመር ከ90 በመቶ በላይ ሆኖ ሲቆይ ችግሩ የፕሮሰሰር ሳይሆን የራም መሆኑ ይታወቃል። ወር ሲያልቅና የግብር ማሳወቂያ ቀን ሲደርስ ይህ መጓተት የሰውን ትዕግሥት ብቻ ሳይሆን ሥራውንም ይጎዳል።

ሁሉንም አሮጌ ራም አውጥቶ ሁለት ሁለት ሆኖ በአንድ ማሸጊያ የሚሸጠውን ጥንድ መግዛት፣ ገንዘብ ካለ፣ ጥርጣሬ የሌለበት መንገድ ነው። ጥንዱ በአምራቹ ዘንድ አብሮ ተሞክሮ የወጣ ነውና። ይሁን እንጂ በእኛ ሁኔታ ይህ ማለት የሚሠራ ራም አውጥቶ መሳቢያ ውስጥ ማስቀመጥና በእጥፍ መክፈል ነው። ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ከለቀቀበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ የኮምፒውተር ዕቃ በብር ሲሰላ ምን ያህል እንደተወደደ ለማንም የተሰወረ አይደለም። በላዩ ላይ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ማዕከላት የሜሞሪ ቺፑን ስለሚሻሙት እ.ኤ.አ. በ2025 መጨረሻ የራም ዋጋ በዓለም ገበያ ንሯል፤ ማይክሮንም ክሩሻል በሚል ስም ለተራው ሸማች ያቀርበው የነበረውን ምርት እንደሚያቆም በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ አስታውቋል። በዚህ ጊዜ የሚሠራ ባለ 8 ጊጋ ራም መጣል ብክነት ነው፤ ማጣመርም በዕውቀት ከተደረገ አማራጭ ብቻ ሳይሆን ትክክለኛው ምርጫ ይሆናል።

የተለያዩ ራሞች በአንድ ማሽን ላይ እንዴት እንደሚግባቡ ማወቅ ለግዢው ስለሚረዳ ጥቂት ልግለጽ። በእያንዳንዱ ራም ላይ፣ ከትልልቆቹ የሜሞሪ ቺፖች ሌላ፣ ኤስፒዲ የሚባል አነስተኛ ቺፕ አለ። በውስጡ የራሙ መጠን፣ የሚችለው ፍጥነትና በየፍጥነቱ የሚያስፈልገው የምላሽ ጊዜ ተመዝግቧል። ኮምፒውተሩ ሲበራ ባዮሱ፣ ማለትም ከዊንዶውስ በፊት ማሽኑን የሚያስነሣው ፕሮግራም፣ የሁሉንም ራሞች ኤስፒዲ ያነብና ሁሉም በጋራ ሊችሉት የሚችሉትን ፍጥነት ይመርጣል፤ ስለዚህ ቀርፋፋው ራም ለሁሉም ወሰን ይሆናል። ፈጣኑ ወደ ቀርፋፋው ይወርዳል እንጂ ቀርፋፋው ወደ ፈጣኑ አይወጣም። የአምራቹ ስም በዚህ ስሌት ውስጥ ቦታ የለውም። ሳምሰንግ፣ ኤስኬ ሃይኒክስና ማይክሮን ቺፑን ራሱ የሚሠሩት ድርጅቶች ሲሆኑ፣ ኪንግስተን ግን ቺፕ ከእነርሱ እየገዛ ራም የሚገጣጥም ስለሆነ፣ በኪንግስተን ራም ውስጥ የሃይኒክስ ወይም የማይክሮን ቺፕ ማግኘት የተለመደ ነው።

ቫሊዩራም ከሌሎች ይልቅ ለዚህ ሥራ የሚመረጥበት ምክንያት እዚህ ላይ ነው። በላዩ የብረት ሽፋን የለውም፤ መብራትም የለውም፤ የሚሠራው ዲዲአር4 በመደበኛነት በሚጠይቀው 1.2 ቮልት ነው። ኤስፒዲው ውስጥ ያለውም ጄዴክ የተባለው የዘርፉ ደረጃ አውጪ አካል የወሰነው መደበኛ ፍጥነት ነው፤ 2666 ከተባለ ማንም ምንም ሳይነካ 2666 ነው። እንደ ዴል፣ ኤችፒና ሌኖቮ ባሉ የቢሮ ማሽኖች ባዮስ ውስጥ በብዛት የራምን ፍጥነትና ቮልት በእጅ ማስተካከያ ስለሌለ፣ ራሙ በራሱ አንደበት የሚናገረው ፍጥነት ወሳኝ ነው።

ለማነጻጸር ያህል ለጨዋታ አፍቃሪዎች የሚሸጠውን ኮርሴር ቬንጄንስ ኤልፒኤክስ 3200 እንውሰድ። ራሙ ጥሩ ራም ነው፤ ነገር ግን 3200 የሚደርሰው ኤክስኤምፒ የተባለው ማስተካከያ ባዮስ ውስጥ ሲከፈትለትና 1.35 ቮልት ሲያገኝ ነው። መደበኛ የኤስፒዲ ፍጥነቱ 2133 ነው። ይህን ራም ኤክስኤምፒ በሌለው ኦፕቲፕሌክስ ውስጥ ከ2400 ራም ጎን ብንሰካው፣ ውድ የተከፈለበት ባለ 3200 አሮጌውን ራም ከ2400 ወደ 2133 ጎትቶ ያወርደዋል ማለት ነው። ገዢው ፍጥነት ጨመርኩ ብሎ ሲደሰት ማሽኑ ግን ከቀድሞው ዝቅ ብሏል። የኪንግስተን የራሱ ፉሪ ቢስት 3200 መደበኛ ፍጥነቱ 2400 ስለሆነ በዚህ ረገድ ይሻላል፤ ግን ለቢሮ ማሽን ከቫሊዩራሙ የበለጠ የሚሰጠው ነገር ስለሌለ ለብረት ሽፋኑ ተጨማሪ ገንዘብ መክፈል አያስፈልግም።

አሁን ወደ ተለጣፊው ጽሑፍ እንምጣ። የገዛነው ራም መለያ ኬቪአር26ኤን19ኤስ8/8 ይላል። ‹ኬቪአር› የኪንግስተን ቫሊዩራም ምሕፃር ነው። ‹26› ፍጥነቱን 2666፣ ‹ኤን› ለተራ ዴስክቶፕ የሚሆን የስሕተት ማረሚያ የሌለው ራም መሆኑን፣ ‹19› የምላሽ መዘግየቱን ይናገራል። ‹ኤስ› የሜሞሪ ቺፖቹ በአንድ ረድፍ የተደራጁ መሆናቸውን፣ ቀጥሎ ያለው ‹8› የእያንዳንዱን ቺፕ የመረጃ ስፋት፣ ከሕዝባሩ በኋላ ያለው ‹8› ደግሞ ጠቅላላ መጠኑን በጊጋ ባይት ያመለክታል። በአሮጌዎቹ የሳምሰንግና የሃይኒክስ ራሞች ላይ ደግሞ ጽሑፉ 8ጂቢ 1አርx8 ፒሲ4-2400ቲ-ዩኤ2-11 የሚል ዓይነት ነው። እዚህ ላይ ‹1አርx8› ከኪንግስተኑ ‹ኤስ8› ጋር አንድ ትርጉም አለው፤ ‹2400ቲ› ፍጥነቱን ይነግረናል፤ ከዚያ ቀጥሎ ያለው ‹ዩ› ደግሞ የዴስክቶፕ ራም መሆኑን ያረጋግጣል።

ይህች የመጨረሻዋ ፊደል ‹አር› ሆና ከተገኘች ራሙ ለሰርቨር የተሠራ ነው። የዲዲአር4 የሰርቨር ራም በቅርጹም ሆነ በ288 እግሮቹ ከዴስክቶፑ ጋር ስለሚመሳሰል ያለ ምንም ችግር መሰኪያው ውስጥ ይገባል፤ ማሽኑ ግን አይነሣም። ከተፈታቱ ሰርቨሮች የወጡ ባለ 16 ጊጋ ራሞች በርካሽ ሲሸጡ የሚያጓጓቸው ሰዎች ብዙ ስለሆኑ ይህችን ፊደል አጥብቆ ማየት ያስፈልጋል።

ከኪንግስተኑ ራም ጋር በተያያዘ አንድ ሌላ ልዩነት አለ፤ ሻጮች አያነሡትም፤ ምናልባትም አያውቁትም። ኬቪአር26ኤን19ኤስ6/8 የሚል መለያ ያለው ሌላ ባለ 8 ጊጋ ቫሊዩራም አለ። ፍጥነቱም፣ የምላሽ መዘግየቱም፣ መጠኑም ከላይኛው ጋር አንድ ነው፤ የሚለየው ‹ኤስ8› የነበረው ‹ኤስ6› መሆኑ ነው። ራሙን ገልብጦ ላየ ሰው ልዩነቱ ወዲያው ይታያል፤ ‹ኤስ8› ላይ ስምንት ጥቁር ቺፖች ተደርድረዋል፣ ‹ኤስ6› ላይ ግን ያሉት አራት ብቻ ናቸው። በዲዲአር4 አሠራር ስፋታቸው 16 የሆኑ ቺፖች በውስጣቸው ያለው የባንክ ምድብ (ጎን ለጎን ሊሠሩ የሚችሉ የሜሞሪ ክፍሎች ስብስብ) ሁለት ሲሆን፣ ስፋታቸው 8 የሆኑት ግን አራት አላቸው። ምድቡ ሲያንስ ፕሮሰሰሩ አንዱ ሥራ እስኪያልቅ በሌላው ላይ የመቀጠል ዕድሉ ስለሚጠብ፣ በወረቀት ላይ እኩል የሆኑት ራሞች በተግባር እኩል አይሆኑም። ራሙ አይሠራም ማለቴ አይደለም፤ ይሠራል። ዋጋው እኩል ከሆነ ግን ስምንት ቺፕ ያለውን መጠየቅ የገዢው መብት ነው፤ ከአሮጌው ‹1አርx8› ራም ጋርም በአደረጃጀት የሚመሳሰለው እርሱ ነው።

ቺፕ መቁጠር ከማጭበርበርም ያድናል። ከአንድ ሻጭ ዘንድ ለሌላ ማሽን የመጣልን ያገለገለ ባለ 8 ጊጋ ራም ተለጣፊው ‹2አርx8› ይላል። እንዲህ የተጻፈበት ራም በሁለቱም ገጹ ስምንት ስምንት፣ በድምሩ አሥራ ስድስት ቺፕ ሊኖረው ይገባል። በእጃችን የያዝነው ግን በአንድ ገጹ ብቻ ስምንት ቺፕ ያለው፣ ጀርባው ባዶ የሆነ ነበር። ተለጣፊው ከሌላ ራም ተላጥቶ የተለጠፈ መሆኑን ለማወቅ መሣሪያ አላስፈለገም። ሻጩ «ምንም ልዩነት የለውም፣ ይሠራል ወንድሜ» ቢልም፣ የራሙን ማንነት የሚደብቅ ሰው የሚሰጠውን ዋስትና ማመን አይቻልም፤ ራሙ ተመልሷል። ከዚያ ወዲህ ያገለገለ ራም ስንገዛ በመጀመሪያ የምናየው ከዋጋው በፊት ሁለቱን ገጾች ነው።

መግጠሙ ራሱ ከባድ አይደለም። የኤሌክትሪክ ገመዱ ይነቀላል፤ የማብሪያው ቁልፍ ለጥቂት ሰከንድ ተጭኖ የቀረው ኃይል እንዲወጣ ይደረጋል፤ እጅም የማሽኑን ብረት ይነካል። የአዲስ አበባ አቧራ በመሰኪያዎቹ ውስጥ ስለሚቀመጥ በደረቅ ብሩሽ መጥረግ ተገቢ ነው። ብዙ የጥገና ባለሙያዎች የአሮጌውን ራም ወርቃማ እግሮች በላጲስ ይፈትጋሉ። በቀስታ ከሆነ ይጠቅማል፤ ግን የላጲሱ ፍርፋሪ ተጠርጎ ሳይወጣ ራሙ ከተመለሰ ያው ሌላ ቆሻሻ ማስገባት ስለሆነ፣ አልኮል የነካው ንጹሕ ጨርቅ እመርጣለሁ። ራሙ በሁለቱም ጫፍ እኩል ተጭኖ ማቀፊያዎቹ ሲዘጉ ድምፅ ይሰማል፤ አንዱ ጫፍ ብቻ ከገባ ማሽኑ ምስል ሳያሳይ በማብሪያው ላይ ብርቱካናማ መብራት ብልጭ ድርግም እያለ ይቀራል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው የትኛው ራም የት እንደሚሰካ ላይ ነው፤ የማጣመር ጥቅምና ጉዳትም በዋናነት የሚወሰነው እዚሁ ላይ ነው። ማሽኑ አራት መሰኪያ ቢኖረውም ፕሮሰሰሩ ከራም ጋር የሚገናኝባቸው መንገዶች ሁለት ናቸው፤ በእያንዳንዱ መንገድ ላይ ሁለት መሰኪያ አለ። አንድ ፍሬ 2400 ራም በንድፈ ሐሳብ በሰከንድ 19.2 ጊጋ ባይት ያስተላልፋል፤ ሁለት ፍሬ በሁለት መንገድ ሲሆኑ 38.4 ይደርሳል። ዱዋል ቻናል የሚባለው ይህ ነው። በዴል የቢሮ ማሽኖች ላይ በብዛት ማቀፊያቸው ነጭ የሆነ ሁለት መሰኪያዎች ቀድመው የሚሞሉት ሲሆኑ፣ እነዚህ ሁለቱ በተለያዩ መንገዶች ላይ ናቸው። አንድ ባለ 8 ጊጋ ሃይኒክስ በነበረባቸው ማሽኖች ላይ ኪንግስተኑን በሁለተኛው ነጭ መሰኪያ ስንሰካ በየመንገዱ 8 ጊጋ ሆኖ 16 ጊጋው በሙሉ በዱዋል ቻናል ሠርቷል። እንዲያውም እነዚህ ማሽኖች መጠኑ ብቻ ሳይሆን የመተላለፊያው ስፋትም እጥፍ የሆነላቸው ናቸው። የተለየ የግራፊክስ ካርድ ስለሌላቸው ስክሪኑን የሚያንቀሳቅሰው የፕሮሰሰሩ ግራፊክስም ከዚሁ ራም ስለሚቀዳ፣ ሁለት ስክሪን የሚጠቀሙት ባልደረቦች ልዩነቱን ሳይነገራቸው አስተውለዋል።

ሁለት ባለ 4 ጊጋ ሳምሰንግ የነበረባቸው ማሽኖች ጉዳይ ከዚህ ይለያል። በእነርሱ ላይ አንድ ባለ 8 ጊጋ ብቻ ከተጨመረ በአንዱ መንገድ 12 ጊጋ፣ በሌላው 4 ጊጋ ይሆናል። የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ለዚህ ፍሌክስ የሚሉት አሠራር አላቸው፤ ከየመንገዱ እኩል የሆነውን፣ ማለትም 4 በ4 የሆነውን 8 ጊጋ በዱዋል ቻናል ያሠሩታል፣ የተረፈውን 8 ጊጋ ግን በአንድ መንገድ ብቻ ያስኬዱታል። ማሽኑ 16 ጊጋ ያሳያል፣ አይበላሽም፣ ግን ግማሹ ሜሞሪ በግማሽ ስፋት ነው የሚሠራው። ሁለት ባለ 8 ጊጋ ኪንግስተን ከሁለቱ ባለ 4 ጊጋ ሳምሰንግ ጋር ሲሰካና በየመንገዱ አንድ ባለ 8 እና አንድ ባለ 4 ሲደረግ ግን 12 በ12 ሆኖ 24 ጊጋ ሙሉ በሙሉ በዱዋል ቻናል ይገኛል። ቁጥሩ ለዓይን እንግዳ ስለሆነ ባልደረቦቼ 24 ጊጋ ስሕተት መስሏቸው ነበር፤ ስሕተት የለበትም። የመጠን መለያየት የሚጎዳው በሁለቱ መንገዶች መካከል ሲሆን ነው፤ በአንድ መንገድ ላይ ባሉ ሁለት ራሞች መካከል ሲሆን ችግር የለውም።

ራሙ ከተቀየረ በኋላ በመጀመሪያው ማስነሻ ስክሪኑ ከወትሮው ረዘም ላለ ጊዜ ጥቁር ሆኖ ይቆያል። ባዮሱ አዲሱን ጥምረት እየለካ ስለሆነ በዚህ ጊዜ መብራቱን ማጥፋት አይገባም። ቀጥሎ ዴሎቹ የሜሞሪው መጠን መለወጡን የሚናገር ማስታወቂያ ያወጣሉ፤ እርሱን አልፎ ዊንዶውስ ይነሣል። በታስክ ማኔጀር ላይ የሚታየው ፍጥነት 2400 ነው። አንዳንድ ሰው ይህን አይቶ አሮጌው ራም አዲሱን ጎተተብኝ ይላል፤ በዚህ ማሽን ላይ ግን አሮጌው ጥፋት የለበትም። የኮር አይ5-7500 የሜሞሪ መቆጣጠሪያ ራሱ ከ2400 በላይ አይሄድም፤ ሁሉም ራሞች 2666 ቢሆኑም ውጤቱ ያው ነበር። ሲፒዩ-ዚ በተባለው ነጻ ፕሮግራም የሚያየው ሰው ደግሞ 1200 ሜጋ ኸርዝ አካባቢ ሲያገኝ ሊደነግጥ ይችላል። ዲዲአር በእያንዳንዱ ዑደት ሁለት ጊዜ ስለሚያስተላልፍ 1200 የሚለው 2400 ማለት ነው።

በምላሽ መዘግየት ረገድም የሚያሳስብ ነገር የለም። የአሮጌው 2400 ራም መዘግየት ‹17› ሲሆን ከአዲሱ ‹19› ያነሰ ስለሆነ፣ አሮጌው ከአዲሱ የፈጠነ የሚመስላቸው አሉ። ቁጥሩ የዑደት ብዛት ነው፤ በጊዜ ሲሰላ 2400 ላይ 17 ማለት 14.17 ናኖ ሰከንድ ሲሆን፣ 2666 ላይ 19 ማለት 14.25 ናኖ ሰከንድ ነው። ሁለቱ በተግባር አንድ ናቸው፤ ተስማምተው የሚሠሩበትም አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

በዕለት ሥራ ላይ ያመጣው ለውጥ ከቁጥሮቹ ይልቅ ግልጽ ነው። ቀድሞ ሜሞሪውን ይሞላው የነበረው የፒችትሪ፣ የኤክሴልና የክሮም ጥምረት አሁን ሰፊ ቦታ እየተረፈው ይሠራል፤ ከመስኮት መስኮት መሻገር ወዲያው ነው። ፒችትሪ ራሱ ሪፖርት የሚያወጣበት ፍጥነት ግን እምብዛም አልተለወጠም፤ ያንን የሚወስነው በብዛት ዲስኩና ኔትወርኩ ስለሆነ ከራም ይህን መጠበቅ አይገባም። ሃርድ ዲስኩን ገና በኤስኤስዲ ያልቀየረ ቢሮ ካለ ገንዘቡን መጀመሪያ እዚያ ላይ ቢያውለው ይሻለዋል።

አሁን ከሁሉ አጥብቄ ወደማሳስበው ጉዳይ ልግባ፤ ይኸውም ሙከራው ነው። ማሽኑ ተነሣ ማለት ራሙ ጤነኛ ነው ማለት አይደለም። የተበላሸ ራም ፊልም በሚታይበት ማሽን ላይ የሚያመጣው ጉዳት ትንሽ ነው፤ የደንበኛ ሂሳብ በሚሠራበት ማሽን ላይ ግን አንድ የተገለበጠ ቢት የዳታ ፋይል ሊያበላሽ፣ ወይም ከዚያ በከፋ ሁኔታ ማንም ሳያውቅ የተሳሳተ ቁጥር ሊያስቀምጥ ይችላል። ስለዚህ ሜምቴስት86+ የተባለውን ነጻ ፕሮግራም በፍላሽ ጭኖ፣ ከዊንዶውስ በፊት አስነሥቶ፣ ሌሊቱን ሙሉ ማስፈተሽ ግዴታ ነው እላለሁ። ዊንዶውስ ውስጥ ያለው መፈተሻ ለመነሻ ያህል ይጠቅማል፤ ብቻውን ግን አይበቃም። መብራት ቢጠፋ ሙከራው ከመጀመሪያው ስለሚጀምር ማሽኑ ከዩፒኤስ ጋር መገናኘቱን ማረጋገጥም ያስፈልጋል።

ሙከራው ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ እያንዳንዱ ራም ለብቻው ይፈተሻል፤ ከዚያ አንድ ላይ። ያገለገለ ሆኖ ከመጣው ራም መካከል አንዱ ከሳምሰንጉ ጋር ሆኖ ሲፈተሽ ስክሪኑ ላይ ስሕተቶች መደርደር ጀመሩ። አብሮን የነበረው ባለሙያ «አልተስማሙም» ብሎ ሊያልፈው ነበር፤ ራሙ ለብቻው ሲፈተሽ ግን ያው ስሕተት ተደገመ፤ ሳምሰንጉ ለብቻው ሲሆን ንጹሕ ሆነ። ስለዚህ የማጣመር ችግር ሳይሆን ራሙ ራሱ የተበላሸ ነበር። ይህ ቅደም ተከተል ባይጠበቅ ኖሮ የሚሠራውን ራም ጭምር መጠርጠር ይመጣ ነበር። ሁለቱም ለየብቻ ንጹሕ ሆነው አብረው ሲሆኑ ብቻ ስሕተት ካሳዩ፣ ያኔ እውነተኛ አለመጣጣም ነው፤ የመሰኪያ ቦታቸውን ማቀያየርና ባዮሱን ወደ አዲሱ እትም ማሳደግ ይሞከራል፤ ካልሆነ ራሙ መመለስ አለበት። አዲሶቹ የኪንግስተን ራሞች ከሃይኒክሱም፣ ከሳምሰንጉም፣ ከማይክሮኑም ጋር አንድም ስሕተት ሳያሳዩ አልፈዋል።

ይህን ስል ማጣመር በሁሉም ማሽን ይሆናል ማለቴ አይደለም። ዲዲአር3 እና ዲዲአር4 አብረው የሚሰኩበት መንገድ የለም፤ እግራቸው 240 እና 288 ነው፣ መሐላቸው ያለው ስንጥቅም ቦታው የተለያየ ነው፤ በኃይል ለማስገባት የሚሞክር ሰው ማዘርቦርዱን ይሰብራል። የኦፕቲፕሌክስ 7050 ማይክሮ የተባለው ትንሹ ሳጥንም የሚወስደው የላፕቶፕ ራም ስለሆነ፣ ሞዴሉ 7050 ነው ብሎ ብቻ ገበያ መውጣት ያሳስታል። በአዲሶቹ የዲዲአር5 ማሽኖች ላይ ደግሞ ምክሬ ተቃራኒ ነው። ኤኤምዲ ለራይዘን 7000 ፕሮሰሰሮቹ ሁለት ራም ሲሆን 5200፣ አራት ራም ሲሆን ግን 3600 ብቻ ነው በይፋ የሚፈቅደው። እንዲህ ባለ ማሽን ላይ በሁለቱ ላይ ሌላ ሁለት ከመጨመር ይልቅ ሁለቱን ሸጦ ትልቅ ጥንድ መግዛት ይሻላል። ቪዲዮ የሚያቀናብሩና ኤክስኤምፒ ከፍተው የሚሠሩ ሰዎችም ከተለያየ ጥንድ የመጣ ራም ሲያጣምሩ የሚያገኙት መረጋጋት ከማሽን ማሽን ስለሚለያይ፣ ለእነርሱ ጥንዱ ዋጋው ይገባዋል።

ስለ ዋስትናው አንድ ነገር ልበል። ኪንግስተን ለቫሊዩራም የዕድሜ ልክ ዋስትና ይሰጣል፤ ይህ ግን እዚህ አገር ዋጋ የሚኖረው ሻጩ ሲቀበለው ነው። ስለዚህ በደረሰኙ ላይ የራሙ ሙሉ መለያ እንዲጻፍ፣ ከተበላሸ በምን ያህል ጊዜ ውስጥ እንደሚቀየርም አብሮ እንዲሰፍር መጠየቅ ያስፈልጋል። ማሸጊያው ያልተከፈተ መሆኑን ማየት፣ በማሸጊያው ላይ ያለውና በራሙ ላይ ያለው መለያ አንድ መሆኑን ማመሳከርም እንዲሁ።

በመጨረሻ የሚነሣው ጥያቄ ለእነዚህ ማሽኖች ገንዘብ ማውጣት ተገቢ ነው ወይ የሚለው ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል፤ ኮር አይ5-7500 ደግሞ ዊንዶውስ 11 በይፋ ከሚቀበላቸው ፕሮሰሰሮች ውስጥ የለም። ስለዚህ ማሽኖቹ አንድ ቀን ይቀየራሉ። ከ2400 ይልቅ 2666 የሆነውን ራም የመረጥነውም ለዚህ ነው። ነገ ቢሮው ኮር አይ5-9500 ያለውን ኦፕቲፕሌክስ 7070 ቢገዛ፣ የዚያ ፕሮሰሰር መቆጣጠሪያ 2666 ስለሚችል፣ ኪንግስተኖቹ ተነቅለው እዚያ ይሰካሉ፤ አሮጌዎቹ 2400 ራሞች አብረው እስካልገቡ ድረስም በሙሉ ፍጥነታቸው ይሠራሉ።